የባሕር ሻጋታ ለየኔታ እጅ

ደ/ማርቆስ፣ መጋቢት 3፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ቁስል አጠባ። ዘጠኝ አልጋ። የየኔታ እጅ ብሷል። ብራና ሲፍቁ ቢላዋው አውራ ጣታቸውን ሸረከተው፤ ሳምንት ቤት ተቀምጠው ከደብረ ወርቅ በቃሬዛ መጡ። ስድስት ቀን ፔኒሲሊን ወጋሁ፣ ምንም። እብጠቱ አንጓቸውን አልፏል። ይህ እጅ እኮ ነው ፊደል ያስቆጠረኝ! የቆነጠጠኝም እሱ ነው። ዶ/ሩ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ቁስል አጣቢው ድሬሰርም አስተርጓሚውም እኔ። ካልቀነሰ ክንዳቸው ይቆረጣል አለ። መጽሐፍ ለሚጽፍ ሰው ይህ ሞት ነው።

ቀን 9 ሰዓት

ተመስገን! ከአዲስ አበባ አዲስ መድኃኒት ደረሰ። ስምንት ብልቃጥ። ዶ/ሩ እንደነገረኝ ጣሊያን አገር፣ የከተማ ፍሳሽ ባሕር የሚገባበት ቦታ ላይ ከተገኘ ሻጋታ የወጣ ነው። ፔኒሲሊን ያቃተውን ይገድላል። ሮጬ ለየኔታ አወራሁ። ይህ አፌ! ማን ጠየቀኝ? የባሕሩ ነገር፣ ኦሪት እንደሚያዝዘው፣ ክንፍና ቅርፊት አለው ወይ አሉኝ። ሻጋታ ምን ቅርፊት አለው ብዬ ሳቅሁ። ፊታቸውን የጃንሆይ ፎቶ ወደተሰቀለበት ግድግዳ አዞሩ። ርኩስ ነው፣ ያውም በዐቢይ ጾም። አልወጋም አሉ።

መጋቢት 4፣ ረፋድ

ሰውነታቸው እሳት ነው። ክንዳቸው ላይ ቀይ ጅራት ሽቅብ እየወጣ ነው። የደረሰበትን አሰመርኩ፣ በራሳቸው ቀለም። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ የቀለሙን ቅል ሆስፒታል ድረስ ይዘውት መጥተዋል። ጥላሸትና የተቆላ ገብስ ነው፤ ሦስት ወር ሲብላላ በየቀኑ ካልተማሰለ ይበላሻል።

ዶ/ሩ ተቆጣ። ፔኒሲሊን ነው በለውና ውጋው ይላል። አለዚያ ነገ 4 ሰዓት መጋዝ። እትዬ ዘነቡም እያለቀሱ ዋሽልኝ ይሉኛል። የኔታን መዋሸት! ፈራሁ። ግን እዋሻለሁ። ወስኛለሁ።

መጋቢት 5፣ ጠዋት 1 ሰዓት

መርፌውን ሞልቼ ቆምኩ። ምንድን ነው አሉኝ። ፔ... አልወጣልኝም።  ቅሉን ከፈትኩ። ላዩ ላይ ግራጫ ሻጋታ። ይኸስ? አልኳቸው። እሱን ገፍፈው ከሥሩ ባለው እንደሚጽፉ ነገሩኝ። በዐቢይ ጾም? የጌታን ስም ይጽፉበታል? አልኩ። ተቆጡ።

«እኔ ቀለም አልበላም!»

«ይኸንንም አይበሉትም፣ የኔታ።»

መርፌውን ተመለከቱ። ከባሕር መሆኑ ግን እውነት ነው አይደል አሉ። እውነት ነው አልኩ። ኃጢአቱ በማን ላይ ነው? አሉ። በእኔ አልኩ።

«የለም፣ እኩል እንካፈላለን» አሉና ደኅናውን ግራ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፤ ወጋሁ።

ዶ/ሩን መጋዙን አቆይልኝ ብዬ ለመንኩት። አንድ ቀን ሰጠኝ።

መጋቢት 6፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ቀዩ ከቀለሙ መስመር በታች ነው። የጥፍር ስፋት። ዓይኔ ይሆን? ደግሜ አየሁ። የጥፍር ስፋት። የኔታ ነቅተው፣ ቅሉ ዛሬ ተማስሏል ወይ ብለው ጠየቁ። አለቀስኩ። ሄጄ ዶ/ሩን መጋዙ ይቅር ልበለው።