ለእንዳለው የመብላት ፈቃድ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለመምሬ ባየልኝ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ቅዳሴ ያስቆምዎታል? የእማየ ዓይንስ ተሻለው? እኔ ከቆላው ሙቀትና ከትንኙ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ስለ ወንድሜ ስለ እንዳለው በስልክ የነገርኩዎ ግማሹን ነው። ኮኪት ሰሊጥ አጨዳ ላይ ሳለን ትኩሳት ያዘው፤ ከዚያ ወር ሙሉ የቀመሰውን ሁሉ አስመለሰው። እዚህ ቆላ ሠራተኛ ሲዝል ግሉኮስ ይሰቀልለት ይባላል። እኔም እንደ ሰው ገዝቼ፣ መርፌ የሚወጋ ለምኜ፣ ከዳሱ ምሰሶ ላይ አሰቀልኩለት። በማግስቱ ዓይኑ ይዋልል ጀመር፤ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፤ እኔን መምሬ እያለ ጠራኝ። ጓደኞቻችን ለክፎት ነው ብለው ጠበል ሊወስዱት ሲነሱ፣ እኔ በትራክተር ጭኜ ገንዳ ውሃ ሐኪም ቤት አደረስኩት።

ትኩሳቱ ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ ነበር። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አምስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ሲስተር ኤልሳቤጥ የምትባል ነርስ አስረዳችኝ። ወር ሙሉ ምግብ ስላልረጋለት ቫይታሚን ቢ ዋን የሚባለው ከሰውነቱ አልቆ ኖሯል፤ ስኳሩ ብቻውን ሲገባ የቀረችውን እንጥፍጣፊ ጨረሰበትና አንጎሉ ተጎዳ። ቫይታሚኑ መቅደም ነበረበት አለች። አባቴ፣ በገዛ እጄ ነው። ይህን በስልክ ልነግርዎ አፌ እምቢ አለኝ።

አሁን የትኩሳቱንም የቫይታሚኑንም መርፌ በየቀኑ ይወጋል። ዓይኑ ረግቷል፤ ግድግዳ ይዞ ይራመዳል። ያልተመለሰለት ማስታወሱ ነው፤ የጠዋቱን ከሰዓት አያውቀውም። ይመለስ አይመለስ ሐኪሞቹም እርግጠኛ አይደሉም። ሰውነቱ እንዲጠገን እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ይብላ ብለዋል። እሱ ግን የነቢያት ጾም ገብቷል ብሎ አፉን ይገጥማል። የእኔን ስም የሚረሳ ሰውዬ ጾሙን አልረሳም፤ የእርስዎ ልጅ ነዋ! የዚህ ደብር ቄስ መጥተው ለታመመ ተፈቅዷል ቢሉት፣ አባቴ አልፈቀደልኝም አላቸው።

ባለፈው እርስዎ በስልክ ብላ ሲሉት እሺ ብሎ አንድ እንቁላል በላ። ለራት ሳቀርብለት ግን መደወልዎንም ረስቶታል። ስለዚህ ፈቃድዎን በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ጽሕፈትዎን ያውቀዋል። ምግብ በቀረበ ቁጥር አነብለታለሁ።

ለእህቴ ለሰርካለም ሰላምታዬ ይድረሳት። እማየን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እርስዎ ይንገሯት፣ እኔ አልችልም። እንዳለውም ለአባቴ ሰላም በልልኝ ብሎ ይህን ስጽፍ ሦስት ጊዜ አዞኛል፤ ሦስቱንም ቆጥረው ይቀበሉት።

ልጅዎ ውባንተ
ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.