ሣጥኑን ዝም ያሰኘው ማረሻ

ታኅሣሥ 20 ቀን 57፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ልምምድ። ዛሬም አዳራሹ ሙሉ ንብ። የመብራቱ ሞተር ገና ከመነሣቱ የአዲሱ አስተማሪ የዳንኤል ድምፅ ማጉያ ሣጥን ይጀምራል። እምምምም ይላል፣ ከላዩ ደግሞ ጥዝዝዝ ይደርብበታል። ዳንኤል ጊታሩን ሲመታው ይሸፈናል፤ እጁን ሲያነሣ ተመልሶ ይመጣል። ወንበር ሊጠግኑ የመጡት አናጢ ባገውኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ቋንቋውን አልሰማም። ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁ። ይህ ልጅ ቀፎውን ከነንቡ ይዞት መጣ ማለታቸው ነው አሉኝ። ደብተሬ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

አትፍረጂብኝ። የዚህ ት/ቤት የሙዚቃ ሰው እኔ ነበርሁ። ሒሳብ አስተምራለሁ፤ በዓል ሲመጣ አኮርዲዮን እጫወታለሁ፤ ወ/ት አስካለ ከጤና ጣቢያው ሥራዋን ጨርሳ ትመጣና ትዘፍናለች። ዳንግላ ይህን ለምዶ ነበር። እኔም ለምጄ ነበር። ስትዘፍን ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ አውቃለሁ፤ እዚያ ላይ አኮርዲዮኑን ሳብ አድርጌ እጠብቃታለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሷም።

መስከረም ላይ ዳንኤል መጣ። የሳይንስ አስተማሪ፣ ያዲስ አበባ ልጅ። ጠባብ ሱሪ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ድምፅ ማጉያ ሣጥን። ለጥር ጊዮርጊስ ማግስት ትልቅ ዝግጅት አለ፤ የአውራጃ ገዥው ይገኛሉ፣ ከእንጅባራ ፈረሰኞቹ ይመጣሉ። ዳይሬክተሩ ሙዚቃውን እሱ ይምራው አሉ። እኔስ? ከኋላ ሆኜ ማጀብ ነው።

ከኋላ!

እግዜር ይስጠው ሣጥኑን። ከኔ ጎን የቆመ እሱ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 22፣ ማታ፣ ራት ሳልበላ

ዳ. (እንዲህ ልጻፈው፣ ቀለም ልቆጥብ) ሰነፍ ቢሆን ደግ ነበር። አይደለም። ጣራው ላይ ያለውን ረጅሙን ነጭ መብራት አጠፋና ተራውን አምፖል አበራ። ጥዝታው ተቀነሰ። የሣጥኑን ሶኬት ነቅሎ ገልብጦ ሰካው። እምምታውም ትንሽ ወረደ። ሣጥኑን ከሞተሩ ሽቦ አርቆ ከማዶ ግድግዳ አስጠጋው። አንድ ነገር በነካ ቁጥር ዞሮ አስካለን ይጠይቃል፣ አሁንስ? እሷ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ፣ ገና ትንሽ አለ ትለዋለች።

ጆሮ ያለው እኔ! ጥዝታው ከመብራቱ፣ እምምታው ከሞተሩ መሆኑን ከሁሉ በፊት የለየሁ እኔ ነኝ። ማን ጠየቀኝ? እኔም አልተናገርሁም። ሲለፋ ይዋል።

የቀረው ድምፅ ግን እንቢ አለው። ደስ አለኝ። ራቴን ልብላ።

ታኅሣሥ 25፣ ከሰዓት በኋላ

የዛሬው ይባስ። ዳ. አንድ ነገር አገኘ። የጊታሩን ክር በጣቱ ሲነካው ሣጥኑ ዝም ይላል፤ ሲለቀው ይጮኻል። የሰው ገላ ጩኸቱን ወደ መሬት ያወርደዋል ብሎ አስረዳን። እሱ ሣጥኑን ከፍቶ ሲሠራ ታዲያ ክሩን የሚነካለት ሰው ያስፈልጋል። ማንን ጠራ? አስካለን።

ከጊታሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ጣቷን ክሩ ላይ አድርጋ ዋለች። አንሺ ይላታል፣ ታነሣለች። ንኪ፣ ትነካለች። ሣጥኑ ሲጮኽ ይሥቃሉ፣ ዝም ሲል ይሥቃሉ። እኔ አኮርዲዮኔን ታቅፌ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ጥግ ይዣለሁ።

አላስቻለኝም። ደክሞሻል፣ እኔ ልያዝልሽ አልሁ። ያዝሁ። የኔም ጣት እኩል ዝም አሰኘው! እኔም ሥጋ ነኝ፣ እኔም አፈር ነኝ። ዳ. ግን ወዲያው፣ ግድ የለም አንተ እረፍ፣ እሷ ለምዳዋለች አለኝ። ለምዳዋለች። በአንድ ከሰዓት።

ታኅሣሥ 30፣ የገና ማግስት

የገና ሥጋ አልወረደልኝም። አስካለ በዓሉን ውላ ካባቷ ቤት ተመለሰች። አባቷ አቶ ጥሩነህ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ገበሬ ናቸው፣ የታወቁ ፈረሰኛ። ይዛ የመጣችው ምን ይመስልሻል? ያረጀ ማረሻ። ዳ. መሬት ውስጥ የሚቀበር ብረት እፈልጋለሁ ብሏት ኖሮ ከቤት ለምና አመጣችለት። ለኔ አንድ ሙልሙል እንኳ አላመጣችም።

ሲመሽ ከአዳራሹ ጀርባ ሁለቱ ሲቆፍሩ አየኋቸው። ከጣራው ውኃ የሚንጠባጠብበትን እርጥብ ቦታ መረጡ። ማረሻውን ቀበሩት፣ ጨው የሟሟበት ውኃ አጠጡት፣ ሽቦ አስረው በመስኮት ወደ ሣጥኑ አስገቡት። አስካለ ሽቦው እንዳይላላ ከሻሿ ጫፍ ቀድዳ አሰረችበት። ከሻሿ!

እኔ ከዛፉ ሥር። ምን እሠራ ነበር? መንገዴ ነው።

ጥር 4፣ ከልምምድ በኋላ

ዝም አለ። ሣጥኑ ዝም አለ። ጆሮዬን ካላስጠጋሁ አይሰማም። ዳ. አንዲት ክር ነካ፤ ድምፁ ብቻውን፣ ጥርት ብሎ፣ አዳራሹን ዞሮ መጣ። አስካለ ዘፈነች። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲህ አምሮባት አያውቅም። ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ላይ እሱም ጠበቃት። እሱም አውቆታል ማለት ነው።

ቤቴ ገብቼ አኮርዲዮኑን አልጋ ሥር ከተትሁት።

ጥር 7፣ ጠዋት

ጉድ ፈላ። ዘበኛው እሸቴ ትናንት ከጣራው ሥር ቦይ ሲጠርግ ሽቦውን አገኘ። ሽቦውን ሳበ፤ ማረሻ። ማረሻው ላይ ጨው፣ የሴት ሻሽ ቁራጭ። በቃ! መተት! የአስካለ ሻሽ መሆኑን የማያውቅ የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወሬው ገበያ ሞላ። ያዲስ አበባው ልጅ የአቶ ጥሩነህን ልጅ በገዛ አባቷ ማረሻ አሰራት ተባለ። የሻሹ፣ የጨው፣ የብረቱ ነገር ለመተት የጎደለው የለም፤ እኔም ባላውቅ ኖሮ አምን ነበር።

እሸቴ ማረሻውን ተሸክሞ እኔ ዘንድ መጣ። ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለውታል። መምህር፣ አንተ የተማርህ ነህ፣ እዚያም ትውላለህ፣ ይህ ምንድን ነው አሉኝ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የሣጥኑ ነው ማለት።

«እንጃ» አልሁ።

ጥር 8፣ ከቀኑ 12 ሰዓት

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል።

ዳ. ወሬውን ንቆ ልምምድ አልተውም አለ፤ ማረሻው እሸቴ ቤት ተቆልፎበታል፣ ሣጥኑ እንደ ድሮው ይጮኻል። አዳራሹ ታጥቦ ወለሉ እርጥብ ነበር። አስካለ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ ማይክሮፎኑን ያዘችና ከንፈሯን ስታስጠጋ ጮኸች። ነዘራት። ከንፈሯ ላይ። ክፉ አልጎዳትም። ብረቱ መሬት ውስጥ ቢኖር ይህ አይመጣም ነበር፤ ዳ. ያን ጊዜውኑ ነግሮናል፣ ለጩኸቱ ብቻ አይደለም ብሎ።

በመስኮት የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። መተቱ ስለተነቀለ ነደፋት ብለው በሩጫ ሄዱ። አባቷ ዘንድ ተልኳል። መጥተው ሊወስዷት ነው፤ ከዘፈኑም ከጤና ጣቢያው ሥራም።

ይህን አልፈለግሁም። እሱ እንዲዋረድ ነው የፈለግሁ። እሷ እንድትሄድ አይደለም።

ጥር 13፣ ማታ

ከጥምቀት በኋላ አቶ ጥሩነህ በፈረስ መጡ። ዳይሬክተሩ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ እሸቴ ከነማረሻው፣ ሁላችን አዳራሽ ገባን። ዳ. ስለ ኤሌክትሪክ ሊያስረዳ ጀመረ፤ አዲስ አበባኛውን ሲያፈጥነው ይበልጥ ጠንቋይ መሰለ። አስካለ ካባቷ ኋላ መሬት መሬት ታያለች።

ተነሣሁ። እኔ ላሳያችሁ አልሁ። ሞተሩን አስነሣን። ሣጥኑ ጮኸ። አማተብሁ፣ ክሩን ነካሁ። ዝም። ለቀቅሁ። ጮኸ። ጋሼ ጥሩነህ፣ እስቲ እርስዎ ይንኩት አልሁ። እኔ የመተት ዕቃ አልነካም አሉ። እኔ ነክቼ ምን ሆንሁ አልሁ። ቆይተው፣ በጣታቸው ጫፍ፣ ነኩት። ዝም አለ። አነሡ። ጮኸ። እንደገና ነኩ።

«ኧረ ይሄ ፈረስ ነው! የሰው እጅ ሲያርፍበት የሚረጋ» አሉና ሣቁ።

ማረሻው የእጅ ምትክ መሆኑን ነገርኋቸው፤ ጨዉ እርጥበት እንዲያቆይ፣ ሻሹ ሽቦውን እንዲያጠብቅ። አቶ ጥሩነህ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ያሉትን ቃል በቃል ልጻፈው።

«አንተ ለዚህ ልጅ ወዳጁ እንዳልሆንህ አገር ያውቃል። ወዳጁ ቢመሰክርለት አላምንም ነበር። አንተ ካልህ ግን እውነት ነው።»

አገር ያውቃል! እኔ ላንቺ ብቻ የነገርሁ መስሎኝ።

ማረሻውን ከእሸቴ ተቀበሉ። የኔ ማረሻ ከሆነ እኔው እቀብረዋለሁ ብለው በገዛ እጃቸው ቀበሩት። እሸቴ ውኃ አመላለሰ። አስካለ በአጠገቤ ስታልፍ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። ክንዴ አሁንም ይሰማኛል።

ጥር 25፣ ሌሊቱን አልጻፍሁም፣ ጠዋት ነው

ዝግጅቱ ሰመረ። የአውራጃ ገዥው አጨበጨቡ። ፈረሰኞቹ ወንበር ላይ ቆመው ፎከሩ። እኔ ከኋላ አጀብሁ። ስለ አኮርዲዮኑ ማንም አላነሣም፣ ስለ ሣጥኑም ያነሣ የለም፤ የማይጮኽ ነገር ማን ያነሣዋል? ሲጨፍሩ ዳ. እና አስካለ በአንድ ማይክሮፎን ዘፈኑ። ሣቅሁ፣ አጨበጨብሁ፣ ጥርሴን አመመኝ።

ጥር 26፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዳ. ቤቴ መጣ። ቡና አልጠጣም አለ፣ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተው። በመጨረሻ አወጣው። አስካለን ማግባት ይፈልጋል። እዚህ ዘመድ የለውም፤ ያገሩን ወግ አያውቅም፤ ሽማግሌ መላክ አለበት። ዳይሬክተሩ እሺ ብለውታል፣ አንድ ቄስም አግኝቷል። ቃሉን አንተ ተናገርልኝ አለኝ። አባቷ የሚያምኑት አንተን ነው።

ደብተሬ፣ እኔን!

አስካለስ ምን አለች አልሁት። ነገርኋት፣ ፈገግ ብላ ዝም አለች አለ። በዚህ አገር ዝምታ እሺ ማለት ነው አይደል ብሎ ጠየቀኝ። ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ሸኘሁት።

እኔም ስንት ዘመን ዝም ብያታለሁ። የኔን ዝምታ ምን ብላ ተርጉማው ይሆን?

ጥር 27፣ ማለዳ

አልተኛሁም። እሺ ልለው ብድግ እልና መልሼ እቀመጣለሁ። እንቢ ልለው ስል ምክንያት አጣለሁ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ እወዳታለሁ። እስከ ዛሬ አንቺም ላይ ጽፌው አላውቅም፤ ገጾቹን አገላብጬ አየሁ። ስለሱ ጊታር፣ ስለሱ ሱሪ፣ ስለሱ ሣጥን። ስለሷ ምን አልሁ? ከሱ ጋር ስትሥቅ ብቻ።

አሁን የምሳ ሰዓት ነው፣ ቀጥዬ ልጻፍ። ጠዋት ት/ቤት በር ላይ ጠብቄ ነገርሁት። ለሽማግሌነቱ ገና ነኝ፤ መጀመሪያ ለራሴ የምናገረው አለኝ አልሁት። ገባው። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። እኔ ደግሞ ጓደኛ መስለኸኝ ነበር አለኝ። አይደለሁም አልሁት። ደወሉ ተደወለ፣ እሱ ወደ ክፍሉ፣ እኔ ወደ ክፍሌ።

አሁን የምሳ ሰዓት ነው፣ ቀጥዬ ልጻፍ። ዛሬ ከሥራ ስትወጣ ጤና ጣቢያው በር ላይ እቆማለሁ። ሽማግሌ ሳልልክ፣ አኮርዲዮን ሳልይዝ። እወድሻለሁ እላታለሁ። አፍ አውጥታ እንድትመልስልኝም እለምናታለሁ፤ በፈገግታ አልሸኝም። እኔን ካለች፣ እግዜር ያውቃል። እሱን ካለች ቅዳሜ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ እንጅባራ እሄዳለሁ፣ ዘንገና በእግሬ እገባለሁ፣ አባቷ ፊት ቆሜ ስለ ዳ. የማውቀውን ደግ ነገር ሁሉ አንድም ሳላስቀር እናገራለሁ። ብዙ ነው። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ሸሚዜን ልተኩስ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍል አለኝ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሷ ትወጣለች።