የላፕቶፕ ውፍረት በየት በኩል ይለካ?

ቀን፦ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለንግድ ጽሕፈት ቤት የሸማቾች አቤቱታ ክፍል ኃላፊ
ድሬ ዳዋ

አቤቱታ አቅራቢ፦ ኒቆዲሞስ ሣህሉ፣ ጡረተኛ፤ አድራሻ ሳቢያን
ተጠሪ፦ አቶ ዒልሚ ጉሌድ፣ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ፤ አድራሻ ታይዋን ገበያ

ጉዳዩ፦ «ውፍረቱ 9 ሚሊሜትር ብቻ» እየተባለ የሚሸጠው ላፕቶፕ በየት በኩል እንደተለካ እንዲጣራልኝ፣ ለዚሁም ሁለታችን በአንድነት እንድንጠራ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ሥራዎ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ዕድሜዬን የጉምሩክ ሰነድ ሳዘጋጅ ስለኖርኩ፣ በሰው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት መጨመር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋኝም። ቢሆንም ሌላ የምሄድበት ስላጣሁ ጉዳዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ባለቤቴ ወይዘሮ ዝናሽ ካረፈች ወዲህ ሳቢያን በሚገኘው ቤቴ ብቻዬን እኖራለሁ። አንድያ ልጄ ኑኃሚን ትዳር ይዛ ሐዋሳ ናት። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ፀሐይዋ በረድ ስትል ባጃጅ ይዤ ታይዋን እሄድና በተጠሪው ሱቅ በር ላይ እቀመጥ ነበር። የኔ የምትባል የፕላስቲክ ወንበር ነበረችኝ። ላፕቶፔን እከፍትና ዜና እናነባለን፣ የድሮ የኳስ ግጥሚያ እናያለን፣ እንከራከራለን። ከዚህ ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ አልፈለግሁምም።

2. የቀድሞው ላፕቶፔ ከባድ ስለነበር ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ተጠሪውም ከአዲሶቹ አንዱን እንድወስድ መከሩኝ። ሱቃቸው በር ላይ የተሰቀለው ባነር «የዓለማችን ቀጭኑ! ውፍረቱ 9 ሚሊሜትር ብቻ» ይላል። አምኜ ገዛሁ። ቤቴ ገብቼ፣ በሥራ ዘመኔ ለቀረጥ የላሜራ ውፍረት እለካበት በነበረው ካሊፐር ስለካው፣ ከፊት ጠርዙ በእርግጥ 9 ሆነ። ከኋላ፣ ማጠፊያው ባለበት በኩል ግን 16 ነው። ከሥሩ ያሉት የጎማ እግሮች ሲጨመሩ 18 ይገባል።

3. ነገሩን ለተጠሪው ሳነሳላቸው በሳቅ ነበር የጀመርነው። «አቦ፣ ካምፓኒው በቀጭኑ በኩል ነው የለካው። አንተ ፎቶ ስትነሳ ሆድህን ነፍተህ ነው እንዴ የምትነሳው?» አሉኝ። ጎማውን በተመለከተም «እሱማ ጫማው ነው፤ ሰው በጫማው ይለካል እንዴ?» ሲሉ ተከራከሩ። እኔ በበኩሌ ጫማ ይወልቃል፣ ይህ ጎማ ግን በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ እግር እንጂ ጫማ ሊባል አይችልም አልኩ። ደግሞም ቦርሳ ውስጥ የሚገባው የላፕቶፑ ፊት ብቻ ሳይሆን ኋላውም ጭምር ነው። የአካባቢው ነጋዴዎች ሁለት ቦታ ተከፍለው ግማሹ ከሳቸው፣ ግማሹ ከኔ ጋር ሆነ። በዚያ ሰሞን በጣም ደስተኛ ነበርኩ።

4. ተጠሪው አንድ ልማድ አላቸው። ደንበኛ በዕቃ ሲጠራጠር ወደኔ ይጠቁሙና «እሱን ጠይቀው፤ የጉምሩክ ሰው ነው፣ አይዋሽም» ይላሉ። ጥሩ ዕቃ ስለሚያመጡ ለብዙ ነገር መስክሬላቸዋለሁ፤ አፍሬም አላውቅም። በዐቢይ ጾም መጨረሻ ግድም፣ ለመሥሪያ ቤቱ በርከት አድርጎ ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው ስለ ውፍረቱ ሲጠይቅ፣ ተጠሪው እንደ ልማዳቸው ዞር ብለው «ዘጠኝ ነው አይደል፣ ኒቆ?» አሉኝ። እኔም «ከፊት ዘጠኝ፣ ከኋላ ዐሥራ ስድስት፣ ከነእግሩ ዐሥራ ስምንት» ብዬ መለስኩ። ሰውየው አመስግኖ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ተጠሪው አልጮኹብኝም፣ አልተሳደቡም። እርስዎም እንደሚያውቁት የድሬ ሰው አንቱ መባባል አያውቅም፤ እኛም ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ አንተ ተባብለን ነው የኖርነው። ያን ቀን ግን ባነሩን እያዩ «እርስዎ፣ መሸብዎት እኮ» አሉኝ። ገና ዐሥር ሰዓት አልሞላም ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

5. በማግስቱ ስሄድ ወንበሬ ላይ ካርቶን ተደርድሮበታል። ሰላም አልኳቸው፤ ሰላም አሉኝ። ካርቶኑን ግን ማንም አላነሳም። ጥቂት ቆሜ ተመለስኩ። ለፋሲካ በየዓመቱ ቤቴ ይመጡ ነበር፤ ለሳቸው የሚሆነውን ዶሮ ጎረቤቴ ወይዘሮ ቱሪያ በሙስሊም እጅ ያሳርዱልኛል። ዘንድሮም አሳርጄ፣ ለብቻው አሠርቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ጠበቅኩ። አልመጡም። በበነጋው ምግቡን ለወይዘሮ ቱሪያ ሰጠኋቸው።

አሁን ከሰዓት በኋላ ሳቢያን ቤቴ ውስጥ ነው የምውለው። ኳሱን ብቻዬን አያለሁ። ጎል ሲገባ የምለው ነገር ይኖረኛል፣ የምለው ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ዝናሽ የሞተች ጊዜ እንኳ ከሰዓት ከሰዓቱ መሄጃ ነበረኝ። ብቸኝነት እንዲህ እንደሚከብድ አሁን ነው ያወቅሁት።

6. የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ባለፈው ሳምንት ብጠይቃቸው «ይህማ በሽማግሌ ያልቃል» ብለውኛል። ምክራቸው መልካም ነው። ነገር ግን ከልጄ ጋር በጋብቻዋ ጉዳይ በተኳረፍን ጊዜ ሽማግሌ ሆነው ሐዋሳ ድረስ የሄዱልኝ አቶ ዒልሚ ናቸው። እሳቸውም ከወንድማቸው በተጣሉ ጊዜ ያስታረቅኋቸው እኔ ነኝ። አሁን ማንን ልላክ ብዬ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጡብኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ወደራሳቸው መላክ ስለማይቻል ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ።

7. ቃሌን ለውጬ ይቅርታ እንድጠይቅ የመከሩኝ አሉ። ላፕቶፑ ከኋላ 16 ነው፤ ይህን ልክድ አልችልም። ዘጠኝ ነው ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ነገር ግን አቶ ዒልሚ «አይዋሽም» እያሉ ለሰው ያሳዩት የነበረው ሰው እዚያ ወንበር ላይ አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ፦

ሀ. የላፕቶፕ ውፍረት ከፊት ይለካ ወይስ ከኋላ፣ ከነእግሩ ይሁን ወይስ ያለ እግሩ፣ በባለሙያ አስለክቶ ውሳኔ እንዲሰጥልኝ፤

ለ. በባነሩ ላይ «ከፊት ጠርዙ» የሚል ቃል እንዲጨመር፤ ባነሩ ግን እንዳይነሳ፣ ከሰዓት በኋላ በሩን ከፀሐይ የሚከልለው እሱ ነውና፤

ሐ. በተጠሪው ላይ ቅጣት እንዳይጣል፤ ገንዘቤም እንዲመለስልኝ አልጠይቅም። ሱቁን ማሸግ የሚታሰብ ከሆነ ይህ አቤቱታ እንዳልቀረበ ይቆጠርልኝ፤

መ. መጥሪያው ለሁለታችንም ለአንድ ቀንና ለአንድ ሰዓት እንዲጻፍ በአክብሮት እለምናለሁ። ኮሪደራችሁ ላይ ያለው አግዳሚ አንድ ብቻ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። የሚለካው ባለሙያ ቢዘገይ ወይም ጉዳዩ ለሌላ ቀን ቢቀጠር በኔ በኩል ቅሬታ የለኝም። ደጋግሞ ቢቀጠርም ደጋግሜ እመጣለሁ።

ለሚሰጡኝ ጊዜ እያመሰገንኩ፣
ከብዙ ሰላምታ ጋር

ኒቆዲሞስ ሣህሉ
(ፊርማ)