ለተደፈነው የጅብ ቀዳዳ የቀረበ ምስጋና

ሐረር፣ ፈላና በር
ሰኔ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ነስሮ
የጀጎል ገጽታ ማሳመሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፈረስ መጋላ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሆይ፣

አስቀድሜ ከነመላ ቤተሰብዎና ከነባልደረቦችዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ቢሮዎንም ከዝንብ ይጠብቅልዎ። ሰሞኑን እኛ ሰፈር ሰው ለሚያከብረው ሰው የሚመኘው ይህንኑ ነው።

እኔ ሙሉነሽ እንደሻው፣ ፈላና በር ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ሥራ በዝቶብዎ ረስተውኝ ከሆነ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ይቀመጡ የነበሩትን እርስዎን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ባለፈው ጥር ጅቦች ወደ ሰፈራችን የሚገቡበትን የግንብ ቀዳዳ ለእድሳት ሲባል ለአንድ ወር ብቻ ለመዝጋት የነዋሪውን ፊርማ በጠየቁ ጊዜ፣ ሰዉ እርስ በርሱ ሲተያይ ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ ተማሪዬ ነው፣ ቃሉን ይጠብቃል ብዬ ዋስ የሆንኩልዎም እኔ ነኝ። ያ አንድ ወር እነሆ ስድስተኛ ወሩን ይዟል። ቀዳዳውም በሲሚንቶ ተደፍኖ፣ በኖራ ተለስኖ፣ የአበባ ሥዕል ተስሎበታል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ አበባው። በእውነት ያምራል። እንግዶች ፊቱ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ ንብ ብቻ እስካሁን አልቀረበውም። ሌላው አገር፣ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እያለ ይተርት ይሆናል፤ ይህ ተረት ሐረርን እንደማይመለከት ግን እርስዎም ያውቃሉ። እዚህ ጅቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቁርበት አንጥፉልኝም ብሎ አያውቅም። የጠየቀን ነገር ቢኖር አንድ ቀዳዳ ነው፣ እርሷንም አያቶቻችን ሳይሰስቱ ሰጥተውት ነበር።

2ኛ. ስለ ጽዳቱ። ጅቡ ከልኳንዳ ቤት የሚወጣውን አጥንት፣ ከየቤቱ የሚጣለውን ትራፊና ቆዳ፣ ማንም እጁን ሊያስነካ የማይፈልገውን የሞተ ውሻ ሳይቀር እየበላ ሰፈሩን ሲያጸዳ ኖሯል። እርስዎ ሠራተኛውን አሰናበቱት፣ ሥራውን ግን ለማንም አልሰጡም። የቆሻሻ መኪናው ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል ተብለናል፤ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ስላልተነገረን ሁሉንም እንጠብቃለን። አጥንቱ ተከመረ፣ ሥጋው ሸተተ፣ ዝንቡ መጣ፣ ከዝንቡ ኋላ አይጡ ተከተለ። ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ እስክሪብቶ፣ በሌላው መሀረብ ይዤ ነው።

3ኛ. ስለ መርዙ። የአይጡን አቤቱታችንን ሰምተው በሦስት ቀን ውስጥ ስለደረሱልን ልዩ ምስጋና ይገባዎታል፤ ቀዳዳውን ክፈቱልን ላልነው ግን ይህ ሁሉ ወር አልበቃም። ሠራተኞችዎ መርዝ በሥጋ ለውሰው በየቱቦው ጥግ አስቀመጡ። አይጡ በላና ሞተ። ድመቷ አይጡን በላችና ሞተች። ሥጋ ገበያ ላይ ከእጃችን ነጥቆ የሚሄደው ጭልፊት ያንኑ የሞተ አይጥ አነሳና፣ እንደ እናት “አይ” ብለን የምንጠራቸው ጎረቤቴ የአይ ሳፊያ ግቢ ውስጥ ሁለት ወድቀው ተገኙ። አሁን ከተማው ውስጥ ድመትም ጭልፊትም ጥቂት ነው። ጭልፊት በዓመት አንዴ ነው የሚፈለፍለው፤ አይጥ ግን በሦስት ሳምንት ይወልዳል። የተረፉት አይጦች የሚፈሩት ጠላት ስለሌላቸው በቀን በብርሃን፣ እንደ ቤቱ ባለቤት፣ በበሩ መሐል ያልፋሉ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ምስኪኑን ጅብ ያለ ስሙ ስናማው ኖረናል መሰለኝ።

4ኛ. ስለ አቶ ሙሳ። እርስዎ አያውቋቸውም፤ ከድሬ ጠያራ ቲማቲምና ሽንኩርት በአህያ ጭነው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያመጡልን ገበሬ ናቸው። ከተማ የተከለከለ ጅብ ጾሙን አያድርም። መጋቢት ላይ የእኚህን ሰው አህያ ከደጃቸው ወሰደ። አሁን ሽንኩርቱን በጀርባቸው ተሸክመው ይመጣሉ፤ ቲማቲሙን ትተውታል። አቶ ሙሳ ስብሰባችን ላይ አልነበሩም፣ ምንም ነገር ላይ አልፈረሙም፣ ቀዳዳው መደፈኑንም አልሰሙም። ስንት ዘመን ሳይነካቸው የኖረ አውሬ ዘንድሮ ምን እንዳስቀየሙት እኔን የተማርሽ ነሽ ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ስለማውቀው ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

5ኛ. ስለ አሹራ። አሹራ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አይ ሳፊያ በየዓመቱ ገንፎ በቅቤ ሠርተው ለጅቦቹ ያቀርባሉ። ከግማሽ በላይ በልተው ጥቂት ካስተረፉ ዓመቱ የጥጋብ ነው ይባላል፤ ጨርሰው ካልነኩት ወይም ጠራርገው ከጨረሱት ግን ሰዉ ይሰጋል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ በዚያ ላይ የሳይንስ መምህርት፤ ግን ከአውሬ ጋር በዓመት አንድ ቀን ተቀምጦ ስለ መጪው ዓመት የሚነጋገር ሌላ ከተማ አላውቅም። ዘንድሮ ገንፎው የሚቀርበው ለአበባው ሥዕል ሊሆን ነው። ቃልዎ ከታጠፈ ወዲህ አይ ሳፊያ አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ባለፈው ሳምንት ብቻ፣ ደጃፋቸው ላይ አይጥ እየጠረጉ፣ “ወላሂ ሙሉነሽ፣ እኔ የፈረምኩት ላንቺ እንጂ ለሱ አልነበረም” አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ደጃፍ ማለፍ ትቼ በላይኛው መንገድ እዞራለሁ።

እንግዲህ የተከበሩ ሆይ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ወረቀት አያይዣለሁ። የዘጠነኛ ክፍል የፈተና ወረቀትዎ ነው። ጥያቄው፣ ጅብ ከሐረር ቢጠፋ ምን ይሆናል የሚል ነበር። እርስዎ ግማሽ ገጽ ጻፉ፤ ቆሻሻው ይከማቻል፣ ዝንብና አይጥ ይበዛል፣ በሽታ ይመጣል፣ ጅቡም በገጠር ከብት ላይ ይነሳል ብለው ከአጥንቱ ወደ ጅቡ፣ ከአይጡ ወደ ድመቷና ወደ ጭልፊቱ ቀስት አሰመሩ። ከአሥር አሥር ሰጥቼዎ ለክፍሉ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ወረቀቱን እስካሁን ያስቀመጥኩት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ መልስ ስላላየሁ ነው።

ለአንድ አፍታ ማዕረግህን ወደ ጎን ላድርገውና፣ ነስሮ ልጄ፣ ባታውቅ ኖሮ ይቅር እልህ ነበር። አላዋቂ ኃላፊ ብዙ አይቻለሁ፣ ለእነሱ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። አንተ ግን እያንዳንዱን ቀስት በእጅህ ስለህ፣ መጨረሻውን እያወቅህ፣ በኔ ስም ፊርማ ሰበሰብክ። ከዳኸኝ። የከዳኸው ጅቡን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ወደ ማዕረግዎ ስመለስ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአሹራ በፊት ቀዳዳውን ያስከፍቱልን። ሲሚንቶው የአንድ ግንበኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አበባው ካሳሳዎት በዙሪያው ይሳሉት፤ ጅቡ በአበባ መሐል ለማለፍ የሚያፍር አይመስለኝም።

ለከተማችን ውበት ሌት ተቀን ለሚደክሙት ለእርስዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ መልስዎን ደጄ ላይ፣ ከአይጦቹ መሐል ቆሜ የምጠባበቅ፣

የቀድሞ መምህርትዎና የዛሬ ዋስዎ
ሙሉነሽ እንደሻው

ግልባጭ፦
– ለአይ ሳፊያ
– ለአቶ ሙሳ፣ ድሬ ጠያራ
– ማንበብ ለማይችሉት የጉዳዩ ባለቤቶች፣ በተደፈነው ቀዳዳ ላይ ይለጠፋል

ማሳሰቢያ፦ ቀዳዳው እስከዚያ ካልተከፈተ፣ የዘንድሮውን ገንፎ በአሹራ ማግስት ጠዋት ፈረስ መጋላ ቢሮዎ ድረስ ይዘን እንድንመጣ ሰፈሩ ተስማምቷል። ጅቡን ያሰናበቱት እርስዎ ስለሆኑ፣ ዓመቱ ምን እንደሚሆን የሚነግረንም ከእርስዎ ሌላ አልቀረም። የሚጠበቅብዎ ከግማሽ በላይ በልተው ጥቂት ማስተረፍ ብቻ ነው፤ እባክዎ እንደለመዱት ጠራርገው አይጨርሱት። ሳይሰጉም ይብሉ፤ የሠሩት አይ ሳፊያ ናቸው፣ መርዝ የለበትም።