ሟች ባለቤቴን በአስር አለቃ እንድተካ ለመከራችሁኝ

ለተከበረው የ«ሐይቅ ማዶ» የልብ ወለድ ገምጋሚ ኮሚቴ
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ

ጉዳዩ፦ ከመጽሐፌ እንድትወጣ የተወሰነባትን መንፈስ ይመለከታል

የተከበሩ አቶ ጥዑመልሳን፣ የተከበሩ ወይዘሮ ሉሊት፣ የተከበሩ አቶ ጋሻዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁ የሰመረ እንዲሆን፣ ቁልቁል ሁለቱን ሐይቆች እያያችሁ የሰው ድርሰት የምትመዝኑበት አዳራሽም ነፋስ እንዳይለየው ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዕድሜዬን ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ በመሆኔ ግን «ደኅና ነኝ» የሚለውን ከልማድ እንደምጽፈው ትረዱልኛላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

ኮሚቴያችሁ በየዓመቱ አንድ ልብ ወለድ መርጦ እንደሚያሳትምና በየንባብ ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሰምቼ የመጀመሪያ መጽሐፌን ሳቀርብ፣ ሦስት የተማሩ ሰዎች ከዳር እስከ ዳር ያነቡልኛል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። አንብባችሁልኛል። አዳራሹ ድረስ አስጠርታችሁ፣ ሻይ አስቀርባችሁ፣ አስተያየታችሁን በቃል ነግራችሁኛል። ያዘዛችሁኝን እርማት ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ከወጣሁ በኋላ በእርማቱ ፋንታ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩበትን ምክንያት፣ እንደ ማመልከቻ ጸሐፊ ወጉ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ግን መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልናገር። ደም የማይፈስበት፣ ሰው ሻዩን እየጠጣ የሚያነበው የምሥጢር ታሪክ ነው። አንዲት የጨንቻ ሴት ትሞታለች፤ ለቀብሯ ብላ ያስቀመጠችው ቡልኮ ከቤት ይጠፋል፤ ያለ ቡልኮዋም ትቀበራለች። ከዚያ ወዲያ ጉም በወረደ ቁጥር ከጉሙ ጋር እየመጣች፣ ብርድ እያንዘፈዘፋት፣ በየጎረቤቱ እየገባች ቡልኮዋን ማን እንደወሰደው ታጣራለች። ማንንም አታስፈራም። የገባችበት ቤት ወጥ ጨው ካነሰው ትናገራለች፣ ያልገቡ ዶሮዎች ካሉ ታስገባለች፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት ካገኘች መሐላቸው ትቀመጣለች። በመጨረሻ ቡልኮውን የወሰደው ሰው ራሱ አደባባይ ወጥቶ ይናገራል፤ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ያስታርቃሉ፤ መጽሐፉም በዚያው ያልቃል።

የሴትዮዋ ስም ሻሺቱ ነው። የባለቤቴም ስም ሻሺቱ ነበር። ይህን በአዳራሹ ያልተናገርኩት ሦስታችሁም ስለምታውቁት ነው፤ መሞቷን የሰማችሁ ዕለት ያንን ሁሉ ዳገት ወጥታችሁ፣ የአርባ ምንጭን ሙቀት በለመደው ስስ ልብሳችሁ በሐምሌ ብርድ እየተንቀጠቀጣችሁ ጨንቻ ቤቴ አድራችኋል። ውለታችሁን አልረሳሁትም፣ ልረሳውም አልችልም።

አንደኛ። የምሥጢር ታሪክ የተገደለ ሰው ሊኖረው ይገባል፣ የቡልኮ መጥፋት አንባቢን አይዝም፣ ስለዚህ ከመካከሉ አንድ ሰው ቢገደል ጥሩ ነው ብላችሁኛል። ለሙያዊ ምክራችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሆኖም ለእኔ አንድ ሟች ይበቃኛል። እሷንም በወጉ ሳልሸኛት ሌላ ሰው የምገድልበት አቅም የለኝም።

ሁለተኛ። ጎረቤት ተሰብስቦ ምስጥ የበላውን የዶርዜ የቀርከሃ ቤት እንዳለ በትከሻው ተሸክሞ ወደ አዲስ ቦታ የሚያዛውርበትን ምዕራፍ «ከተፈጥሮ ውጭ» ከተባሉት ጋር ደምራችሁ አንባቢ አያምንም ብላችሁ ሰርዛችሁታል። ቤቱ ተነሥቶ ሲሄድ ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ የሻሺቱ ወንድም ነበር። የማይታመነውን አስወጡ የተባሉ ገምጋሚዎች እውነተኛውን ነገር ከመጽሐፍ ማስወጣታቸው ለሥነ ጽሑፋችን አዲስ ምዕራፍ ነውና እንኳን ደስ ያላችሁ።

ሦስተኛ። የሻሺቱን አነጋገር በቀይ እስክሪብቶ አቅንታችሁልኛል። ወንዱንና ሴቱን ታቀላቅላለች፣ ዶሮዋን «መጣ» ትላለች፣ ይህ ለአንባቢ ጥሩ ምሳሌ አይሆንም ብላችኋል። እውነት ነው፤ የእሷ አፍ የተፈታው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛውን የተማረችው ገበያ ላይ ነበር። በሕይወት ሳለች እኔም እየሳቅኩ አርማት ነበር፤ «አንተ ተረድተሃል አይደል? በቃ» ትለኝ ነበር። ከሞተች በኋላም የሚያርማት ስለተገኘ ደስ ይበላት።

አራተኛ። ዋናው ይህ ነው። መንፈስ የሚባል ነገር የለም፣ ሙት አይመለስም፣ መጽሐፉ ኋላ ቀር እምነት ያስፋፋል፣ ስለዚህ ሴትዮዋ ወጥታ በቦታዋ አንድ ጠንቃቃ አስር አለቃ ይግባ፤ ምርመራውን እሱ ያካሂደው ብላችሁ በአንድ ድምፅ ወሰናችሁ።

እንድታውቁልኝ የምፈልገው ልታዘዛችሁ መሞከሬን ነው። መጽሐፉ ይታተምልኝ እንጂ ብዬ ቁጭ ብዬ አስር አለቃውን አስገባሁት። ጎበዝ ሰው ነው፤ ገባ፣ ቃል ተቀበለ፣ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ስለ ጨው የሚናገር ጠፋ። ዶሮዎቹ ውጭ አደሩ። እሷ ትቀመጥባቸው የነበሩትን ቦታዎች አንድ በአንድ እየሰረዝኩ ስሄድ፣ በልቅሶው ሰሞን ልብሶቿን ለዘመዶቿ ያከፋፈልኩበት ቀን ተመለሰብኝ፤ የመጨረሻውን ሻሽ ለእህቷ ሰጥቼ ወደ ባዶ ሳጥን እንዳየሁት ሁሉ ወደ ወረቀቱ አየሁ። ከዚያ አለቀስኩ፣ የሰረዝኩትንም ሁሉ መልሼ ጻፍኩት። ሁለተኛ ጊዜ በገዛ እጄ ላስወጣት አልችልም። አስር አለቃውን ግን ይቅርታ ጠይቄ አሰናብቼዋለሁ።

አምስተኛ። ቡልኮውን የወሰደው ሰው ከልክ በላይ የዋህ ተደርጓል፣ ሌባ እንዲህ አይደለም፣ ታሪኩ አያሳምንም ተብያለሁ። በዚህ ተራ ቁጥር ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

እውነተኛውን ቡልኮ ጥጡን ፈትላ ያዘጋጀችው ሻሺቱ ራሷ ናት፤ የሸመነው ወንድሟ ነው። ሕመሙ ሲጠናባት አልጋው ራስጌ አስቀመጠችውና «ካሱ፣ እዛ ታች ብርድ ነው፤ ይሄን ታለብሰኛለህ አይደል?» አለችኝ። አለብስሻለሁ አልኳት። በትዳር ዘመናችን ከለመነችኝ ነገር ሁሉ ቀላሉ ይህ ነበር። የቀብሯ ዕለት ግን ሴቶቹ ሳጥኑን፣ አልጋውን፣ ጓዳውን ቢበረብሩ ቡልኮው አልተገኘም። ማን ሲገባ ማን ሲወጣ እንደነበር እኔ አላየሁም፤ ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር። ከጎረቤት በተዋስነው ጋቢ ሸፍነን ወሰድናት፤ መቃብሩ አፍ ላይ ስንደርስም ጋቢውን ገፍፈን ለባለቤቱ መለስን። «የሞተ ተጎዳ» ይባላል። ቃል የገባ ሰው እንዴት እንደሚሆን የሚናገር ተረት ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

እናም በዚያ አዳራሽ፣ ስለ መጽሐፉ ሌባ ስንነጋገር፣ ከመካከላችሁ አንድ የተከበሩ ሰው ሻያቸውን ፉት ብለው «እንዴ፣ ጥጉ የተቃጠለ ቡልኮ ደግሞ ማን ይሰርቃል?» አሉ። የቀራችሁት ሁለታችሁ ሳቃችሁ። እኔም ለትህትና አብሬ ሳቅኩ።

ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ሳለሁ ነው ሳቄ የቆመው። በመጽሐፌ ውስጥ ያለው ቡልኮ ጥጉ አልተቃጠለም። ቤቴ ገብቼ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ የለም። የተቃጠለው የሻሺቱ ቡልኮ ነው። አንድ ቀን ለብሳው ከሰል አጠገብ ተቀምጣ ስትሞቅ ፍም ተፈናጥሮ ጥጉን በላው፤ እሷም ከአሮጌ ሹራብ በመዘዘችው አረንጓዴ ክር ጠቅማ፣ እንግዳ እንዳያይባት ወደ ውስጥ አጥፋ አስቀመጠችው። ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ሌላ ሰው ሊያውቅ የሚችለው ቡልኮውን ገልጦ ከለበሰው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው።

የተናገሩትን ሰው ስም አልጽፍም። ሦስታችሁም በቦታው ስለነበራችሁ ሦስታችሁም ማን እንደተናገረ ታስታውሳላችሁ፤ ደብዳቤውን ለአንዱ በግል ከመላክ ይልቅ ለኮሚቴው በአንድነት መጻፉን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። አባቶቻችን ጎሜ የሚሉት ነገር አለ፤ ተደብቆ የተቀመጠ ጥፋት የሰውየውን ቤት ሲያደክም ይኖራል፣ የሚፈታውም በመናገር ብቻ ነው ይላሉ። ስለ ጎሜ የጻፍኩትን አንቀጽ ኋላ ቀር ብላችሁ ሰርዛችሁብኛል። ከእናንተ መካከል አንዱ እስክሪብቶውን እንዲያ አጥብቆ የያዘው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

እንዴት እንደሆነም የማውቅ ይመስለኛል። እርስዎ ያን የተናገሩት፣ የቆላ ሰው ነዎት፣ ደጋው በርትቶብዎታል፣ እጅዎ የደረሰበትን ደርበው አድረዋል፣ ቀብሩ ሳይደርስ ማለዳ በተገኘው መኪና ለሥራ ሲወርዱም ለብሰውት ወርደዋል። አርባ ምንጭ ሙቀቱ ሲቀበልዎ አውልቀው ወንበር ላይ አኖሩት። ለምን የተቀመጠ ቡልኮ እንደነበር የሰሙት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ይዞ መምጣት አሳፈረዎት፤ እፍረቱም እያደር ከበደ። ይህን ሁሉ እርስዎ መሆንዎን ሳላውቅ በመጽሐፌ ጽፌልዎታለሁ፤ ክፉ ሰው ሊወስደው ይችላል ብዬ ማሰብ ስላልቻልኩ ብርድ የመታው ደግ ሰው አድርጌ ጻፍኩዎት። እርስዎ ደግሞ ይህ ሰው አያሳምንም አሉ። ከእኔ የተሻለ ተከራካሪ ፍርድ ቤት በር ላይ ቢፈልጉ የሚያገኙ አይመስለኝም።

ስለዚህ ለክቡር ኮሚቴው የማቀርበው ጥያቄ እንደሚከተለው ነው። መጽሐፌን ከውድድሩ አውጥቻለሁ። ሲቀላ የጽሕፈት መሣሪያ የሚነግዱት አቶ ሙከሚል እያባዙ ሊጠርዙልኝ ተስማምተዋል፤ መንፈሷ ትውጣ ተብያለሁ ብዬ ስነግራቸው «ስንት ገጽ ትይዛለች ብለው ነው? ትቀመጥ እንጂ» ብለውኛል። በዕውቀት ከእናንተ እንደሚያንሱ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የእሳቸውን አስተያየት ተቀብያለሁ።

ቡልኮውን በተመለከተ፣ ክስ አልመሠርትም፣ ሽማግሌም አልልክም። ወደ እኔም እንዳይመጣ እለምናለሁ፤ እኔ ከሞተች ወዲህ ያለሁት ሲቀላ ነው፣ ብርድ የለም። መስቀል ሳይደርስ ጨንቻ ወጥተው መቃብሯ ላይ ቢያለብሱልኝ ይበቃኛል። እስካሁን አፈሩ ውስጥ ያለ ምንም መተኛቷን ሳስብ እንጀራ ከጉሮሮዬ አይወርድም፤ ይህን ያህል ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ሲያለብሷት የሚያይ ሰው አይኖርም፤ እኔም በዚያ ሰሞን እንዳልወጣ ቃል እገባለሁ። ቃሌ አንድ ጊዜ እንደታጠፈ የምታውቁት እናንተው ናችሁ፤ የአሁኑን ግን እጠብቃለሁ።

ለሰጣችሁኝ ጊዜ፣ ለሻዩ፣ ለቀዩ እስክሪብቶ፣ ስስ ልብስ ለብሳችሁ ደጋ ድረስ ወጥታችሁ ስላጽናናችሁኝም ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የሚመጣው ዓመት ተወዳዳሪ በሕይወት ስላሉ ሰዎች ብቻ የሚጽፍ፣ ቤቱም ሙሉ የሆነ ደራሲ እንዲያደርግላችሁ እየተመኘሁ፣ ለክቡር ኮሚቴው ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ካሱ ሻንካ
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የሻሺቱ ባል

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ፣
በተለይም ጉዳዩ አይመለከተኝም ለሚለው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሙት አይመለስም ብላችሁ ስላስተማራችሁኝ በድጋሚ አመሰግናለሁ፤ ትምህርቱን ግን ከእናንተ ቀድሜ ወስጄዋለሁ። ከሞተች ወዲህ ጨንቻ ላይ ጉም ወርዷል በተባለ ቁጥር ወጥቼ፣ የቤታችንን በር ገርበብ አድርጌ ተቀምጬ ጠብቄያታለሁ፤ አንድም ቀን አልመጣችም። መጽሐፉን የጻፍኩትም ስላልመጣች ነው። ከአዳራሻችሁ ከወጣሁ በኋላ ግን ቡልኮዋ ወዳለበት ቤት ሄዳ ይሆናል የሚል ሐሳብ ገብቶብኝ አልወጣ አለኝ። እርስዎ ስምዎን ያልጻፍኩት የተከበሩ ሰው፣ መንፈስ የለም ያሉትን ቃልዎን እንዲያጥፉ አልጠይቅዎትም፤ ግን ድንገት መጥታ ከሆነ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ አሁንም ይበርዳታል?