የሰረዝኋቸው አራት ዐረፍተ ነገሮች

የሺወርቅ ሆይ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር እንኳ ያልጻፍሁልሽ የምነግርሽ ጠፍቶ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ከፍርድ ቤት በር ተቀምጬ የሌላውን ሰው በደል ስጽፍ የኖርሁ ነኝና፣ የራሴን ጥፋት ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ዛሬ ግን ግድ ሆነ። በልጃችን በእናኑ ላይ አጥፍቻለሁ፤ ከአንቺ በቀር የምናዘዝለት ሰው የለኝም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። የፊት ለፊቱ የቀርከሃ አጥር ባለፈው ክረምት ወድቆ በአዲስ አሳጥሬዋለሁ። የጓሮው ጌሾ አለ፤ ቅጠሉን ጎረቤት ይለቅመዋል፣ እኔም አልከለክልም። እኅትሽ ከጥርባ ድንች መላኳን አልተወችም። የዳንግላ ጋሪዎች ዛሬም ከገበያው አጠገብ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ባጃጁ ግን መንገዱን እየነጠቃቸው ነው። እኔም ከዚያው ከፍርድ ቤቱ በር፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነኝ። የሥራ ጓደኛዬ ውበቱ ኮምፒውተር አምጥቶ ከጎኔ ተክሏል፤ እኔ እስካሁን በእጄ እጽፋለሁ። ባለጉዳይ ወደ እርሱ ያደላል፤ መብራት የጠፋ ዕለት ወደ እኔ ይመለሳል።

እናኑ የሕግ ትምህርቷን ጨርሳ የመውጫ ፈተናውን አልፋለች። በተመረቀች ቀን ከጋዋኑ በላይ ያንቺን ነጠላ ነበር የደረበችው። እኔ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ፣ እርሷ አዲስ አበባ የንግድ ጉዳይ ከሚይዙ የጥብቅና ድርጅቶች በአንዱ ተለማማጅ ሆና መግባትን መረጠች። አልወደድሁትም። የነጋዴ ውል ከማርቀቅ የድኻ ፍርድ ማየት አይበልጥም ወይ ብዬ ተቆጣኋት። «አባባ፣ እርስዎ ሰው ከተጣላ በኋላ ይጽፉለታል፤ እኔ ሳይጣላ በፊት መጻፍ ነው የምፈልገው» አለችኝ። ይህን አነጋገር ከማን እንደ ወረሰችው ታውቂዋለሽ።

ከዚያ በኋላ ያየነውን መንገላታት እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ? ለሰባት ድርጅቶች አመለከተች። «ተለማማጅ እንፈልጋለን» ይላሉ፤ ከሥሩ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ብለው ይጨምራሉ። ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ምን ሊለማመድ ይሄዳል? አንደኛው ድርጅት ከሰው ጋር ሳይሆን ከስልኳ ጋር እንድትነጋገር አዘዛት። ጥያቄው ከስልኩ ላይ ብቅ ይላል፤ ሁለት ደቂቃ ተሰጥቷት ማንም በሌለበት ትመልሳለች። ያቺን የመሰለች ልጅ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ፣ ከግድግዳ ጋር ስታወራ በበሩ ቆሜ አየኋት። በመካከሉ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሲመለስ «ጊዜዎ አልቋል» የሚል ጽሑፍ ጠበቃት። ሰው የሰውን ፊት ሳያይ እንዴት ይመዝናል? ከሰባቱ አራቱ እስከ ዛሬ ድምፃቸው የለም። በእኛ በር ምንም የማያውቅ ባላገር እንኳ ወረቀቱን ሲያስገባ መዝገብ ቤቱ ቁጥር ሰጥቶ ይሸኘዋል። የተማሩት ሰዎች ግን «ደርሶናል» የምትል አንዲት ቃል ነፈጓት። ሁለቱ በሁለት መስመር አሰናበቷት፤ የሰባተኛውን በኋላ እነግርሻለሁ።

ውበቱም አላስቀመጠኝ። በየማለዳው ገና ወንበሬን ሳልዘረጋ «የጠበቃዋ አባት፣ ዛሬስ ጠሩልህ?» ይለኛል። ወዲያውም «ግድ የለህም፣ እስኪጠሯት ድረስ ይህችን ውክልና ጻፍልኝማ፤ መብራት ሄዶብኛል» ብሎ ይሥቃል። እጽፍለታለሁ። ንዴቴን ግን ከብዕሩ ጋር ጨብጬ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ድርጅቶቹ ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ከሌሎች አመልካቾች እርስዎን ለምን እንመርጣለን የሚል። ጥያቄውን ገና ሳየው ተጸየፍሁት። እናኑ አራት ዐረፍተ ነገር ጽፋ አማርኛውን እንዳርምላት አመጣችልኝ። በምስለ ችሎት ውድድር የቡድኗ መሪ ሆና ማሸነፏን ጽፋለች። በዩኒቨርሲቲው ነጻ የሕግ ድጋፍ ለሴቶች መከራከሪያ ታዘጋጅ እንደ ነበር ጽፋለች። ባለጉዳይን በአዊኛም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ማነጋገር እንደምትችል ጽፋለች። አራተኛው፣ የእንጅባራ የቀርከሃ ሠራተኞች ከአንድ ገዥ ጋር ሊፈራረሙት የነበረውን ውል አንብባ፣ ሥራቸውን ለሌላ ሰው እንዳይሸጡ የሚያስረውን አንቀጽ ማስወጣቷን የሚናገር ነበር።

አራቱንም ሰረዝሁ።

የኔታ እንዳሳደጉኝ አንቺ ታውቂያለሽ። መጽሐፍ ጽፎ የጨረሰ ጸሐፊ በመጨረሻው ገጽ ራሱን «ኃጥእ» ብሎ ይፈርማል እንጂ ጥበቤን እዩልኝ አይልም። እኔም ሠላሳ ዓመት ለባለጉዳይ ስጽፍ ከአንዲት ጊዜ በቀር ከዚህ ሥርዓት አልወጣሁም። «ልጄ ሆይ፣ ራስሽን ገበያ አታውጪ፤ የሚያመሰግንሽ ሌላ ሰው ይሁን» አልኋት። በአራቱ ፈንታ በራሴ እጅ «በትምህርቴ በአቅሜ ጥሬአለሁ፤ ዕድሉ ቢሰጠኝ ለመማር ዝግጁ ነኝ» ብዬ ጻፍሁላት። «እሺ አባባ» አለችና ሄደች። ያንኑ መልስ ለሰባቱም ላከችው። ታዛዥነቷ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከሰባተኛው ድርጅት መልስ የጻፈችላት አንዲት ጠበቃ ናት። ሦስት መስመር ብቻ ነው። «ከውጤትዎ ጎበዝ መሆንዎን ተረድተናል። ነገር ግን በመልስዎ ስለ ራስዎ የነገሩን ነገር የለም፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ልንለይዎ አልቻልንም» ይላል። እናኑ አነበበችው፤ ስልኩን በፊቱ ደፍታ ድንች መላጥ ጀመረች። እኔ ስልኩን አንሥቼ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «አጠፋሁ» ማለት ሲገባኝ፣ ትሕትና የማያውቁ፣ ጨዋ ልጅ ከፊታቸው ቆማ የማይለዩ ብዬ ድርጅቶቹን መርገም ጀመርሁ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያም ቀና ሳትል «አባባ፣ አልዋሸሁም ነበር እኮ» አለችኝ።

የሺ፣ ይህች ቃል አንድ ሳምንት ሙሉ አብራኝ ዋለች። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም አብራኝ ቆመች።

በሳምንቱ አንድ ባለጉዳይ የድሮ ማመልከቻው ጠፍቶበት ግልባጩን ፈልግልኝ ብሎ መጣ። የካርቦን ግልባጮቼን የማኖርባትን የእንጨት ሣጥን ከፍቼ ሳገላብጥ፣ የባለጉዳዩን ሳይሆን ያንቺን አገኘሁ። ወረቀቱ ብጫ ሆኗል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

ያን ማመልከቻ የጻፍሁልሽ ዕለት ከጥርባ ተነሥተሽ፣ እግርሽ እስከ ቁርጭምጭሚት በጭቃ ተለውሶ ከባሕር ዛፉ ሥር መጣሽ። አባትሽ ሞተው የአጎትሽ ልጅ መሬቱን ይዞብሽ ነበር። ነገሩ የሚቆመው አረጋዊውን የጦራቸው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ነገርሽን ሰምቼ እንደ ልማዴ «አባቴን በአቅሜ ረድቻለሁ» ብዬ ጻፍሁ። አንብብልኝ አልሽ፤ አነበብሁልሽ። በዚያ አዊኛ በሚጫነው አማርኛሽ፣ ባለጉዳይ ሁሉ እየሰማ፣ «ይህ ውሸት ነው» አልሽኝ።

ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበርና ደሜ ፈላ። አንቺ ግን አላበቃሽም። «አራት ዓመት ከአልጋ አንሥቼ ፀሐይ አሙቄያለሁ፤ አጥቤያለሁ፤ በአፋቸው አጉርሻለሁ። ይህ በአቅሜ አይባልም፣ ከአቅሜ በላይ ነው። እርስዎ ካልጻፉት ዳኛው ከየት ያውቀዋል?» አልሽ። እኔም ጨዋ ሰው ስለ ራሱ እንዲህ አይናገርም ብዬ ገሠጽሁሽ። ዓይንሽን ከዓይኔ ሳትነቅዪ፣ «ታዲያ ማን ይበልልኝ? አባቴ እንደ ሆኑ ሞተዋል» አልሽኝ።

ሰርዤ እንደ ቃልሽ ጻፍሁ። ፈረዱልሽ። በዓመቱም ሽማግሌ ላክሁብሽ፤ ሽማግሌዎቹን «ያ ውሸታም ጸሐፊ ነው የላካችሁ?» ብለሽ ማሣቅሽን እስከ ዛሬ ያወሩታል።

ይህን ሁሉ ረስቼው ነበር ብልሽ እዋሻለሁ። አልረሳሁትም፤ እንደ ጨዋታ አድርጌ አኖርሁት እንጂ እንደ ትምህርት አልያዝሁትም። ግልባጩን ይዤ እንደ ቆምሁ ቃልሽ ከወረቀቱ ተነሥቶ መታኝ። ለእናኑስ ማን ይበልላት? እናቷ እንደ ሆነች ሞታለች። መመስከር የሚገባኝ እኔ ነበርሁ፤ እኔ ግን የምስክርነቱን ቃል በብዕሬ ሰረዝሁባት።

የዚያን ዕለት ሥራዬን በእኩለ ቀን አጥፌ ወደ ቤት ገባሁ። ግልባጩን ከፊቷ አኖርሁና «እናትሽ ናት፤ አንብቢው» አልኋት። ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም። «በአቅሜ» የምትለው ቃል የተሰረዘችበት መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። እኔም ቆሜ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በዪኝ» አልኋት። ለልጄ ይህን ስል የመጀመሪያዬ ነው። እርሷም ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልኋት።

ገና ያላመለከተችበት አንድ ስምንተኛ ድርጅት ቀርቶ ነበር፤ ማመልከቻው ዐርብ ይዘጋል። አራቱን ዐረፍተ ነገሮች እንደገና ጻፈችና አመጣችልኝ። እያመነታች ነበር፤ እኔም ብዕሬን ከኪሴ ሳወጣ ፊቷ ተለወጠ። የነካሁት አራተኛውን ብቻ ነው። በቀርከሃ ሠራተኞቹ ውል ላይ በዚህ ጊዜ «ተሳትፌያለሁ» ብላ አለዝባው ነበር፤ ሰርዤ «ውሉን ያነበብሁት፣ ጎጂውን አንቀጽ አግኝቼ ያስወጣሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍሁ። «አባባ፣ አልበዛም?» አለችኝ። እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብዬ ጠየቅኋት። «እውነት ነው» አለች። እንግዲያው ይጻፍ አልኋት።

ዐርብ ዕለት የዳንግላ ኔትወርክ ከማለዳው ጀምሮ አልነበረም። በሚኒባስ ተሳፍረን እንጅባራ ሄድን። በዚያም ሦስት የኢንተርኔት ቤት ዞረን በአራተኛው፣ ማመልከቻው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ላከችው። በመንገድ ላይ ጥርባን ስናልፍ ሁለታችንም በመስኮቱ ወደ አባትሽ መሬት ተመለከትን።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት አልፏል፤ መልስ የለም። ልዋሽሽ አልችልም፣ ንዴቴ አልበረደም። ሰውን በር ላይ አቁሞ ዝም ማለት ነውር ነው፤ ይህን ከመናገር ማንም አይከለክለኝም። ራስን ማወደስም ዛሬም ነውር ነው እላለሁ። ነገር ግን የሠራውን ሰው አልሠራሁም ማሰኘት ትሕትና እንዳልሆነ፣ አንቺ ገና ባለጉዳይ ሳለሽ የነገርሽኝን፣ በስተርጅና ገባኝ። ይህ ድርጅት እንቢ ቢላት፣ በጽሑፏ ያነበባትን እርሷን ራሷን እንቢ ይላል እንጂ እኔ በፍርሃት የጻፍሁትን እንቢ አይልም።

እኔ አንቺን የማስብሽ በሙት ዓመትሽ ብቻ አይደለም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ባለጉዳይ ከፊቴ ሲቀመጥ ብዕሬን አስቀምጬ «ምን ሠራህ? እንደ ሆነው ንገረኝ» እላለሁ። ጽፌ ስጨርስ አነብለትና ውሸት አለበት ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ውበቱ ጊዜ ፈጀህ እያለ ይሥቅብኛል፤ ይሣቅ። ግልባጭሽን ወደ ሣጥኑ አልመለስሁትም፤ በደረት ኪሴ ነው ያለው፣ እስክከተልሽም ከዚያ አይወጣም።

ለልጄ ማን ይበልላት ብለሽ አትጨነቂ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ እኔ እልላታለሁ።

ባለቤትሽ፣
ከባሕር ዛፉ ሥር