አባትሽ ያልከለከለው ዲስክ

ለእልኸኛዋ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ? በላክሽው ፎቶ ላይ ሆዱ ቀድሞት ሲገባ አየሁት፤ ትዳር ተስማምቶታል ማለት ነው። እኔ ከጨጓራዬ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ዓይኗ ግን የቅርቡን አያይላትም፣ ስልክ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ለእሷ ጉንዳን ነው።

የሰርግሽን ቪዲዮ ስትልኪ፣ አደራህን አጎቴ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል ከለወጥከው ጥራቱ ይወርዳል፣ እንዳለ ዲስክ ላይ ገልብጠው ብለሽኝ ነበር። መለወጡ ረጅም ሰዓት ስለሚፈጅ ስንፍናዬ ካንቺ ጋር ተስማማ።

አባትሽ ሳታስፈቅጂው በማግባትሽ የደነገገውን ታውቂያለሽ፦ በዚህ ቤት የዚያ ሰርግ ቪዲዮ በስልክም በኮምፒውተርም አይታይም። ዲስክ ግን አላለም። እኔ ደግሞ ያልተባለውን ስፈልግ ያደግሁ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት የጭነት መኪናውን ሊያስነሳ ሲወጣ ጠብቄ ገባሁ። እናትሽ ፀጉሯን አበጥራ፣ እንግዳ እንደሚመጣባት ሰው ጫማዋን አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ዲስኩን ቴሌቪዥኑ ሥር ያለው ማጫወቻ ውስጥ ከተትኩት። ማጫወቻው አጓራ፣ አጓራና አይነበብም ብሎ ጻፈ። ኤሌክትሮኒክስ ሱቄ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ አምሮ የታየው ፋይል ለዚያ አሮጌ ማጫወቻ ምንም ነው፤ እሱ የሚያውቀው በራሱ ዓይነት የተሰናዳውን ብቻ ነው።

ቀና ስል አባትሽ የረሳውን መንጃ ፈቃድ ሊወስድ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል። አየህ፣ ማሽኑ እንኳ እምቢ አለ፣ ብሎ ስቆ ወጣ። እናትሽ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

ያ ጫማ አናደደኝ። ነገም አድርገሽው ጠብቂኝ አልኳትና ሱቄ ገብቼ ቪዲዮውን ለማጫወቻው በሚገባው ዓይነት ለወጥኩት። አዎ፣ ጥራቱ ወርዷል። የቀሚስሽ ጥልፍ ደብዝዟል፣ የሚዜዎችሽ አፍንጫ ጠፍቷል። ይቅርታ አልጠይቅም!

እሑድ አባትሽ ቤት ነበር። ልደበቅ? ዓይኑ እያየ ከተትኩት። ተነስቶ ሊያጠፋው ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተርኩ። ከቤትህ አስወጣኝ፣ እህቴ ግን ዛሬ ልጇን ታያለች አልኩት። አንተ ሽማግሌ ወስላታ አለኝ። ወስላታውን ተቀብያለሁ፣ በሽማግሌነቱ ግን ትቀድመኛለህ አልኩት። ይሄኔ እናትሽ ከኋላዬ፣ ሁለታችሁም ዝም በሉ፣ ልጄ ልትናገር ነው አለች። አባትሽን እንደዚያ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም። እሱም መኝታ ቤት ገብቶ ተቀመጠ፤ በሩን ግን አልዘጋውም።

ማይክሮፎኑን ይዘሽ፣ እዚህ የሌሉትን እናትና አባቴን አመሰግናለሁ ያልሽበትን ቦታ እናትሽ ደጋግማ አስመለሰችኝ። ድምፁንም ጨምር አለችኝ። ጨመርኩት።

ትናንት አባትሽ ሱቄ መጣ። የማይገዛውን ሪሞት ሁሉ እያነሳ ሲያስቀምጥ ቆየና፣ ከቪዲዮ ላይ ድምፁን ብቻ አውጥቶ ለመኪና ማጫወቻ የሚሆን ዲስክ መሥራት ይቻላል ወይ አለኝ። ለማን ነው አልኩት። ለአንድ ሾፌር ጓደኛዬ ነው አለ። ጓደኛህ የቱን ክፍል ነው የሚፈልገው ብለው፣ ወደ መንገዱ እያየ፣ ልጅቷ የምትናገርበትን አለኝ።

ሳልስቅ ሠራሁለት።

ቤታችሁ ሳቅ አይጣ፤ የምትወልዱት ሁሉ እንዳንቺ እልኸኛ ይሁን፣ እናንተም ቅመሱት።

መቼም የማይታረመው
አጎትሽ